እምቢ ያለውን የክራንክ ሻፍት ብሎን እንዴት እንፍታው?

የመኪና ጥገና የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከዚህ ብሎን ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ቁልፉን ይሰካል፤ ይጫናል፤ ብሎኑ ንቅንቅ አይልም። ጓደኛውን ይጠራል፤ ሁለት ሆነው ይጫናሉ፤ አሁንም የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቆም ብለው ያስባሉ፤ ወይ ደግሞ መዶሻና መሮ ያነሣሉ። ይህ ጽሑፍ መዶሻውን ከማንሣታችሁ በፊት እንድታነቡት የተዘጋጀ ነው።

እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት በኪሣራ ነው። ረዳት መካኒክ ሳለሁ አንድ የታክሲ ኮሮላ ለጥገና ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። ሦስት ሆነን በቁልፉ እጀታ ላይ የብረት ቱቦ አጥልቀን ተጫንን። እጀታው ሲዞር “ተፈታ!” ብለን ጮኸን። ነገር ግን የዞረው ብሎኑ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ነበር። ተናደድንና በኃይል ገፋነው። ያረጀው ቁልፍ ተንሸራተተ፤ የብሎኑ ራስ ማዕዘኖቹ ተበሉ፤ የአንደኛው ጓደኛችን ጣት ከመኪናው ብረት ጋር ተጨፈለቀ። መኪናው 11 ቀን ቆመ። ባለቤቱ በየቀኑ እየመጣ በር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የቤተሰቡ እንጀራ ያ መኪና ነበርና። የጎደለን ጉልበት አልነበረም። ሦስታችንም ጎረምሶች ነበርን። የጎደለን አንድ ጥያቄ ነበር፤ “ብሎኑን ስንገፋ ሞተሩን የያዘው ማን ነው?” የሚል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ።

1. ብሎኑ የት ነው? ለምንስ ይፈታል?

በሞተር ውስጥ ፒስቶኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። ይህን ምልልስ ወደ ዙረት የሚለውጠው ከታች ያለው ዋና ዘንግ ክራንክ ሻፍት ይባላል። የክራንክ ሻፍቱ አንደኛው ጫፍ ከሞተሩ ወጣ ብሎ ፑሊ ይሸከማል። ፑሊው ዲናሞውንና ሌሎች መሣሪያዎችን የሚያሽከረክረውን ቺንጋ ይነዳል። ፑሊውን ከዘንጉ ጋር አጥብቆ የሚይዘው መሐል ላይ ያለው አንድ ትልቅ ብሎን ነው። የዛሬው ርእሳችን እርሱ ነው።

ይህን ብሎን የምንፈታው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የታይሚንግ ቺንጋ ለመለወጥ ነው። ይህ ቺንጋ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ተስማምተው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያደርጋል። በብዙ መኪናዎች ላይ በግምት በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ካልተለወጠና መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ። ሁለተኛው ምክንያት ከፑሊው ኋላ ያለው የዘይት መከልከያ ጎማ አርጅቶ ዘይት ሲያፈስስ ነው። ሁለቱም ሥራዎች ፑሊው ሳይወልቅ አይሠሩም።

ለምሳሌ የምንወስደው በአገራችንም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ኮሮላ፣ ባለ 1600 ሲሲውን የ4ኤ-ኤፍኢ ቤንዚን ሞተር ነው። በዚህ መኪና ላይ ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ፑሊው የሚገኘው በስተቀኝ ካለው የፊት ጎማ በስተጀርባ ነው። ጎማውን ስታወልቁ ታገኙታላችሁ።

2. ለምን ይጠብቃል?

ብሎኑ እንዲህ የሚያስቸግረው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሦስት ምክንያቶች አሉት።

አንደኛ፣ ገና ሲገጠም በጣም ጠብቆ ነው የተገጠመው። ለዚህ የኮሮላ ሞተር የተወሰነው ማጥበቂያ 118 ኒውተን ሜትር ነው። በትላልቅ ባለ6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከ400 ኒውተን ሜትር የሚበልጥም አለ። ፑሊው በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ስለሚሽከረከርና ሞተሩ በነደደ ቁጥር ስለሚርገበገብ ላልቶ እንዳይወጣ እንዲህ መጥበቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሰበቃ አለ። አንድ ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ኃይል ውስጥ ብሎኑን ለመወጠር የሚውለው ከ10 እጅ በግምት 1 እጅ ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ የብሎኑ ራስ ከተቀመጠበት ብረት ጋር ሲፋተግ፣ ቀሪው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው መፋተግ ይበላል። ስንፈታም የምንታገለው በአብዛኛው ከዚህ ሰበቃ ጋር ነው።

ሦስተኛ፣ ዓመታት አሉ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ አቧራና የሞተር ሙቀት ተባብረው በብሎኑና በብረቱ መካከል ዝገት ያበቅላሉ። ዝገት ሰበቃውን ይጨምራል። ስለዚህ በ118 የጠበቀ ብሎን ከ10 ዓመት በኋላ ለመፈታት የዚያን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

3. የጀሪካኑ ሂሳብ

“ኒውተን ሜትር” የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። ሁላችሁም በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የአንድ ኪሎ ክብደት ወደ ታች የሚስበው ወደ 10 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ነው። ስለዚህ 20 ሊትር ውሃ በ200 ኒውተን ኃይል ይስባል ማለት ነው።

አሁን ይህን ጀሪካን በቁልፉ እጀታ ጫፍ ላይ እንደሰቀላችሁት አስቡ። የማዞር ኃይል የሚገኘው የሚስበው ኃይል በእጀታው ርዝመት ሲባዛ ነው።

እጀታው 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 200 ሲባዛ በ0.25፣ 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል።
እጀታው 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል።
እጀታው 1 ሜትር ቢሆን፣ 200 ኒውተን ሜትር ይሆናል።

ተመልከቱ፤ ጀሪካኑ ያው አንድ ነው። የተለወጠው ርዝመቱ ብቻ ነው። በ25 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ላይ አንድ ጠንካራ ጎልማሳ 80 ኪሎ ክብደቱን በሙሉ ቢያሳርፍ 200 ኒውተን ሜትር ያህል ያገኛል። በ1 ሜትር እጀታ ላይ ግን 45 ኪሎ የምትመዝን ተማሪ ክብደቷን ስታሳርፍ 450 ኒውተን ሜትር ታገኛለች። “መካኒክነት የጉልበተኛ ወንድ ሥራ ነው” የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ሂሳብ በጠመኔ ጽፋችሁ አሳዩት።

ይህ ሂሳብ ማስጠንቀቂያም አለበት። ረጅም ቱቦ ብሎን እንደሚፈታ ሁሉ ብሎን ይሰብራል፤ ቁልፍም ይሰብራል። ስለዚህ ርዝመቱን ከመጨመራችን በፊት ሌሎቹን ነገሮች ማስተካከል አለብን።

4. ከመጀመራችሁ በፊት

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ንቀሉ፤ ሰው ሳያውቅ ቁልፍ ቢያዞር ሞተሩ እንዳይነሣባችሁ ነው። መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። በአሸዋ ላይ የቆመ ክሪክ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ አድርጉ። ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አስገቡ። የፊቱን የቀኝ ጎማ ብሎኖች ጎማው መሬት ላይ እያለ ጥቂት አላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንሡና የብረት መደገፊያ ከሥሩ አስገቡ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው እጁንም ሆነ እግሩን አያስገባም። ይህን ሕግ የጣሱ ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ጎማውን አውልቁ። የጭቃ መከላከያውን ፕላስቲክ አንሡ። የዲናሞውን ቺንጋ አላልታችሁ አውጡ። የብሎኑን ራስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፤ በማዕዘኖቹ ላይ የተጋገረ ጭቃ ካለ ቁልፉ እስከ መጨረሻው አይገባምና።

ቁልፉን በሚመለከት፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቡሶላ ነው። አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ አይሆንም፤ ሁለት ጎኑን ብቻ ስለሚይዝ ይንሸራተታል። ቡሶላውም ባለ6 ማዕዘን ይሁን። ባለ12 ማዕዘኑ የሚይዘው የብሎኑን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ በከባድ ኃይል ጊዜ ጠርዙን ይበላዋል። የኛን ጓደኛ ጣት ያስጨፈለቀው እንዲህ ያለ ያረጀ ባለ12 ማዕዘን ቡሶላ ነበር። ቁጥሩ በብዙ ትናንሽ መኪናዎች 17፣ 19 ወይም 22 ነው። “ይቀርበዋል” የሚባል ቁጥር የለም፤ ያለ መነቃነቅ ልክ የሚገባው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጠመኔ አምጡ። በፑሊው ጠርዝና በአጠገቡ ባለው የማይንቀሳቀስ የሞተር አካል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በብሎኑ ራስና በፑሊው ፊት ላይም ሌላ መስመር አስምሩ። የጠመኔው ጥቅም በኋላ ይገባችኋል።

5. ዋናው ጉዳይ፤ ሞተሩን መያዝ

ብሎኑ የተጠመጠመው በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉን የሚይዘው ነገር ከሌለ ስትገፉ ሁለቱም አብረው ይዞራሉ፤ ብሎኑም አይፈታም። ሞተሩን ለመያዝ የሚከተሉት መንገዶች አሉ።

ሀ. በማርሽና በፍሬን። መኪናው ማንዋል ማርሽ ካለው 5ኛ ማርሽ አስገቡና ጓደኛችሁ መኪናው ውስጥ ገብቶ የእግር ፍሬኑን በኃይል ይርገጥ። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይሠራሉ። የመጀመሪያው የእጅ ፍሬን ብቻ መሳብ ነው። የኮሮላ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ መኪናው የሚነዳው ግን በፊት ጎማዎቹ ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ሞተሩን አይዝም። ሁለተኛው ስሕተት 1ኛ ማርሽ ማስገባት ነው። በ1ኛ ማርሽ ሞተሩ ላይ የምታሳርፉት ኃይል ጎማዎቹ ዘንድ ሲደርስ ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ፍሬኑና ማርሹ ይህን ሁሉ መሸከም ይኖርባቸዋል። በ5ኛ ማርሽ ግን ወደ 3 እጥፍ ብቻ ስለሚሆን ፍሬኑ በቀላሉ ይይዘዋል። ጎማው በወለቀበት በኩል የፍሬኑ ዲስክ እንዳይነቃነቅ ሁለት የጎማ ብሎኖችን መልሳችሁ እሰሩበት።

ለ. በመያዣ ብረት። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ አይሠራም። በሞተሩና በማርሹ መካከል ያለው ግንኙነት በዘይት አማካይነት ስለሆነ ማርሽ ማስገባት ሞተሩን አይዘውም። በዚህ ጊዜ ፑሊውን ራሱን መያዝ ይሻላል። በብዙ የቶዮታ ፑሊዎች ፊት ላይ ባለጥርስ ቀዳዳዎች አሉ። ከብየዳ ክፍል 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አግኙ። መሐል ላይ ቡሶላው የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ከፑሊው ቀዳዳዎች ጋር የሚገጥሙ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብሱ። በሁለት ጠንካራ ብሎኖች ከፑሊው ጋር እሰሩትና የብረቱ ጫፍ መሬት ላይ ወይም በጠንካራ የመኪናው ብረት ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። በብዙ የሆንዳ ሞተሮች ፑሊ ላይ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ6 ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ መያዣው እዚያ ይገባል።

ሐ. በፍላይዊል ጥርስ። ሞተሪኖው ሲወልቅ የሚታየውን የፍላይዊል ጥርስ ለዚሁ በተሠራ መቆለፊያ መያዝ ይቻላል። ካቻቢቴ ወይም መሮ መሸጎጥ ግን አይገባም። ጥርሱ ቢሸረፍ ሞተሪኖው መንከስ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ብሎን ፈትታችሁ ሌላ ትልቅ ሥራ አመጣችሁ ማለት ነው።

መ. በገመድ። ይህ የድሮ መካኒኮች ዘዴ ሲሆን የሚሠራው በአስተማሪ ፊት ብቻ ነው። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ታወጣላችሁ። ፒስተኑ ቤንዚኑን ጨምቆ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ግማሽ ያህል እንዲወርድ ታደርጋላችሁ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው። ከዚያ ንጹሕና ያልተበጣጠሰ የናይለን ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ ታስገባላችሁ፤ ጫፉ ውጪ መቅረት አለበት። ብሎኑን ስትገፉ ፒስተኑ ወደ ላይ ሊመለስ ሲል ገመዱ ይይዘዋል። ቫልቭ ክፍት ሳለ ይህን ያደረገ ሰው ግን ቫልቩን ያጣምማል። ስለዚህ ከሀ ወይም ከለ አንዱ ከሠራላችሁ ወደዚህ አትምጡ።

6. አሁን ብሎኑን እንፍታ

በመጀመሪያ አቅጣጫውን እወቁ። ብሎኑ እንደ ማንኛውም የተለመደ ብሎን ወደ ቀኝ ዞሮ ይጠብቃል፤ ወደ ግራ ዞሮ ይፈታል። ከጎማው በኩል ፊት ለፊት ስታዩት በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ ማለት ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ከተቻለ በብሎኑ ራስ ዙሪያ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አንጠባጥቡበትና አሳድሩት። ከዚያ የብሎኑን ራስ በመዶሻ መሐል ለመሐል ቀለል አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ምቱት። ይህ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። በኃይል ግን አትምቱ፤ ምቱ በዘንጉ አልፎ ውስጥ ያሉትን ኩሽኔታዎች ይጎዳል።

ቡሶላውን እስከ መጨረሻው አስገቡት። እጀታው ከመኪናው ጎን ወጣ እንዲል ማስረዘሚያ ብረት ጨምሩበት፤ ማስረዘሚያውም እንዳይዘም ጫፉ አጠገብ ከሥሩ በድጋፍ ያዙት። አሁን በመኪናው ቀኝ ጎን ፊታችሁን ወደ ፑሊው አድርጋችሁ ስትቀመጡ የመኪናው ኋላ በግራችሁ ነው። እጀታውን ወደ ግራችሁ አግድም አድርጉትና በጫፉ ላይ ቱቦውን አጥልቁ። ወደ ታች ስትጫኑት ብሎኑ ወደ መፈቻው ይዞራል። ወደ ታች መጫን ክብደታችሁን እንድትጠቀሙ ያደርጋል፤ መኪናውንም ከመደገፊያው ላይ አያናውጥም።

በመዳፋችሁ ተጫኑ እንጂ ጣቶቻችሁን ከቱቦው ሥር አትጠምጥሙ። ቢንሸራተት መሬቱን የሚመታው ቱቦው ይሁን። ፊታችሁንም ከቱቦው መንገድ አርቁ። ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ አትንጠቁ።

ጥቂት ቆይቶ ጠንከር ያለ “ቋ!” የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። እዚያው ላይ ቁሙና ወደ ጠመኔው መስመር ተመልከቱ። የፑሊው መስመር ከሞተሩ መስመር ጋር እንዳለ ሆኖ የብሎኑ መስመር ብቻ ከተለያየ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ተፈትቷል። ፑሊው ራሱ ከተንቀሳቀሰ ግን የዞረው ሞተሩ ነው፤ ወደ ቁጥር 5 ተመለሱ። ምንም መስመር ሳይለያይ እጀታው ከተንቀሳቀሰ ቡሶላው እየተንሸራተተ ነው፤ ወዲያው አቁሙ። ጠመኔ ቢኖረን ኖሮ ያን ቀን የጮኽነውን ጩኸት ባልጮኽን ነበር።

7. ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

በሞተሪኖ መፍታት። አንዳንድ መካኒኮች እጀታውን መሬት ላይ አስደግፈው ሞተሪኖውን ለአንድ አፍታ ያስነሡታል። የኮሮላ ሞተር ወደ ቀኝ ስለሚዞር ብሎኑ ባለበት ሲቀር ይፈታል። ይሁን እንጂ እጀታው ካመለጠ ክንድ ይሰብራል፤ ሞተሩ ከተነሣ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ደግሞም ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም። በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ የሆንዳ ሞተሮች የሚዞሩት ወደ ግራ ነው፤ በእነርሱ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ብሎኑን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ለተማሪ የሚሆን ዘዴ አይደለም።

የፑሊውን ጠርዝ በቱቦ መፍቻ መያዝ። በብዙ ፑሊዎች ውስጥ የመሐሉን ብረት ከውጪው ቀለበት ጋር የሚያገናኝ የጎማ ሽፋን አለ፤ ሥራው የሞተሩን ርግብግብታ ማብረድ ነው። ጠርዙን ይዛችሁ ከታገላችሁ ጎማው ይላቀቃል፤ ፑሊውም ይበላሻል።

በእሳት ማንደድ። ሙቀት ብረትን ስለሚለጥጥ የዛገ ብሎን ያላቅቃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው አጠገብ የፑሊው ጎማ፣ የዘይት መከልከያውና ታይሚንግ ቺንጋው አሉ። የቤንዚን ጠብታ ካለማ አደጋው የመኪና ብቻ አይሆንም። ሙቀት የሚያስፈልግ ከሆነ አስተማሪ ይወስን።

8. አሁንም እምቢ ካለ

ለማቆም አትፈሩ። መኪናውን ሰብስባችሁ ጎማ ወደሚጠገንበት ቤት መውሰድ ይቻላል። እዚያ በአየር ግፊት የሚሠራ ቁልፍ አለ። ይህ መሣሪያ በአንድ ረጅም ግፊት ፈንታ ብሎኑን በአጫጭር ምቶች ደጋግሞ ይመታዋል። ምቶቹ ፈጣን ስለሆኑ ከባዱ ክራንክ ሻፍት ለመዞር ጊዜ አያገኝም፤ ዝገቱም በንዝረቱ ይሰነጠቃል። እጅ ለአንድ ሰዓት የታገለውን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሴኮንድ ይፈታዋል። የሚገጠምበት ቡሶላ ግን ለምት የተሠራው ጥቁሩ መሆን አለበት፤ የሚያብረቀርቀው ሊፈነዳ ይችላል።

የብሎኑ ራስ ተቆርጦ ከቀረም ሁሉ ነገር አላለቀም። ራሱ ሲቆረጥ ውጥረቱ ስለሚለቀቅ የቀረው ግንድ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይዞራል። ፑሊው ከወጣ በኋላ በግንዱ ጫፍ ላይ ዳዶ በይዶ ማውጣት ይቻላል። ይህ ግን የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ያለው ጥርስ ከተበላ ሞተሩ መበተኑ ነውና።

9. መፍታት ግማሽ ሥራ ነው

ብዙ ተማሪዎች ብሎኑ ሲፈታ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መኪናውን የሚያጠፋው አፈታት ብቻ አይደለም፤ አጠባበቅም ነው። በፑሊውና በዘንጉ መካከል ትንሽ የብረት ሽብልቅ አለች። ብሎኑ ላላ ብሎ ከታሰረ ፑሊው በሽብልቋ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጫወታል፤ ቀስ በቀስም የሽብልቋን ቤት ከክራንክ ሻፍቱ ላይ ይበላዋል። ያ ዘንግ ዳግመኛ ደኅና አይሆንም።

ስለዚህ ጥርሱን አጽዱ፤ ብሎኑን ተመልከቱ። የተጎዳ ከሆነ ወይም መመሪያው አዲስ ይሁን ካለ ለውጡት። በእጃችሁ እስከሚሄድበት ድረስ አስገቡት። ከዚያ ሞተሩን እንደ መጀመሪያው ይዛችሁ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ መመሪያው በሚያዘው መጠን አጥብቁ።

የሚለካ ቁልፍ ከሌለስ? ጀሪካናችሁን አምጡ። 118 ኒውተን ሜትር ማለት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለ 12 ኪሎ ማለት ነው። ባዶ ጀሪካን ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። የቱቦውም ክብደት ግማሹ ይቆጠራል፤ ቱቦው 2 ኪሎ ቢሆን 1 ኪሎ ያዙለት። ስለዚህ 10 ሊትር ውሃ ጨምሩ። አሁን ለማጥበቅ እጀታው ወደ ቀኛችሁ፣ ወደ መኪናው ፊት ይሁን። ከብሎኑ መሐል 1 ሜትር ለክታችሁ ጀሪካኑን ቀስ ብላችሁ ስቀሉ፤ አትልቀቁት። እጀታው ከአግድሙ ወደ ታች ከወረደ ጀሪካኑን አንሡና ቡሶላውን አስተካክላችሁ ድገሙት። እጀታው አግድም እንደሆነ ጀሪካኑን ተሸክሞ ከቆመ ብሎኑ ልኩን አግኝቷል። መለኪያ ቁልፍ ሲገኝ በእርሱ አረጋግጡ፤ ሳይገኝ ግን “በቂ ይመስለኛል” ከማለት ይህ እጅግ ይሻላል።

ውድ ተማሪዎች፣ “የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል” ይባላል። ጠንካራ ብሎን ሲገጥማችሁ በኃይል ከመግፋታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ሞተሩን የያዘው ምንድን ነው? የሚፈታው በየት በኩል ነው? ቁልፌ ልኩ ነው ወይ? ሦስቱ መልስ ካገኙ የሚቀረው ጉልበት ትንሽ ነው። በእጃችሁ የሚገባው መኪና የአንድ ሰው እንጀራ መሆኑንም አትርሱ።

መልመጃ

1. የአንድ ሞተር ብሎን 160 ኒውተን ሜትር መጥበቅ አለበት። ያላችሁ እጀታ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። የእጀታውን ክብደት ተዉትና ጫፉ ላይ ስንት ኪሎ መሰቀል አለበት?
2. የኮሮላን የእጅ ፍሬን ብቻ ስቦ ብሎኑን ለመፍታት የሞከረ ተማሪ ለምን አልሆነለትም?
3. “ቋ!” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ በኋላ የፑሊው መስመር ከሞተሩ መስመር ተለይቶ አገኛችሁት። ምን ሆኗል? ቀጥሎስ ምን ታደርጋላችሁ?

የቃላት መፍቻ

ቡሶላ፦ የብሎንን ራስ ዙሪያውን የሚያቅፍ ክብ ቁልፍ።
ቺንጋ፦ ዙረትን ከአንድ ፑሊ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ የጎማ ቀበቶ።
ሞተሪኖ፦ ሞተሩን በባትሪ ኃይል የሚያስነሣ መሣሪያ።
ፍላይዊል፦ በክራንክ ሻፍቱ ሌላኛው ጫፍ ያለ ከባድ ባለጥርስ ጎማ።
ዳዶ፦ ብሎን የሚገባበት ባለጥርስ ቀለበት።